ባትሪ የሌለው መለኮሻ ብልጭታውን ከየት ያመጣል?

የስቶቭ መለኮሻውን አንስታችሁ አንድ ጊዜ ተጫኑት። "ጠቅ" ይላል፤ ጫፉ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ይታያል። ይህ ርካሽ ዕቃ ባትሪ የለውም። ሶኬት ላይ አይሰካም። ብዙዎቹ ውስጣቸው ጋዝ እንኳ የለም። ያም ሆኖ በዚያች ቅጽበት ጫፉ ላይ ከ10 ሺህ ቮልት በላይ ይፈጠራል። ቤታችን የሚገባው መስመር 220 ቮልት ብቻ ነው። ያን ሁሉ ቮልት ያመጣው የጣታችን ጉልበት ነው።

ስለዚህ ዕቃ ለመጻፍ የተነሳሁት ብዙዎቻችን አንድ ነገር ተሳስተን ስለምንረዳ ነው። እሳት ለመለኮስ ትልቅ ኃይል የሚያስፈልግ ይመስለናል። ስቶቩ እምቢ ካለ "ብልጭታው ደከመ" እንላለን። መብራት ማብሪያ ላይ የምትታየዋን ትንሽ ብልጭታ ደግሞ ከቁም ነገር አንቆጥራትም። ጋዝ ለማቀጣጠል የሚያስፈልገው ጉልበት ግን እጅግ ጥቂት ነው። ወሳኙ ያ ጥቂት ጉልበት የት ቦታ፣ በምን ያህል ክፍተት፣ በምን ዓይነት የጋዝና የአየር ቅልቅል ውስጥ እንደሚለቀቅ ነው። ይህ የገባው ሰው እምቢ ያለ ስቶቭ ምን እንደነካው መለየት ይችላል። ቤቱ ጋዝ ሲሸተውም ምን መንካት እንደሌለበት ያውቃል።

ከአየር እንጀምር። አየር በተለመደው ሁኔታ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሶኬት ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ ዘሎ የማይነካን ለዚህ ነው። ይህ ግን ገደብ አለው። በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ አንድ ሚሊሜትር አየር ለመሻገር 3,000 ቮልት ገደማ ያስፈልጋል። ክፍተቱ 4 ወይም 5 ሚሊሜትር ከሆነ ከ12 እስከ 15 ሺህ ቮልት ማለት ነው። ቮልቴጁ እዚያ ሲደርስ በአየሩ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቂት ኤሌክትሮኖች በኃይል ይፈተለካሉ። መንገዳቸው ላይ ያለውን ሞለኪውል ሲገጩ ሌላ ኤሌክትሮን ከውስጡ ያስወጣሉ። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያሉ ይራባሉ። ዓይን ሳይርገበገብ አየሩ ራሱ እንደ ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ፣ በብዙ ሺህ ዲግሪ የጋለ ቀጭን መስመር ይሆናል። እንዲህ የሆነ አየር ፕላዝማ ይባላል። ሰማያዊ ሆኖ የምናየው እሱን ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ያን ያህል ቮልት እንዴት ይገኛል የሚል ነው።

ሲመቱት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ሴራሚክ

እ.ኤ.አ. በ1880 ፓሪስ ውስጥ ዣክ ኪዩሪ እና ፒየር ኪዩሪ የተባሉ ወንድማማቾች አንድ ግኝት ይፋ አደረጉ። ፒየር ያኔ 21 ዓመቱ ነበር። ኳርትዝ፣ ቱርማሊን፣ ቶፓዝ፣ የአገዳ ስኳር ጭምር፣ ክሪስታላቸው በተወሰነ አቅጣጫ ሲጫን በአንዱ ፊት ፖዘቲቭ፣ በተቃራኒው ፊት ኔጌቲቭ ቻርጅ እንደሚታይ አሳዩ። ይህ ጠባይ ፒየዞኤሌክትሪክ ይባላል። ፒየር በኋላ ያገባት ማሪ ኪዩሪ የጨረር ጥናቷን ያካሄደችው ወንድማማቾቹ በዚሁ ኳርትዝ በሠሩት መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ፖሎኒየምና ራዲየም የተገኙት በዚያ ሥራ ነው። ዛሬ ማድ ቤታችን ውስጥ ያለው መለኮሻ የሚሠራው በዚያው ጠባይ ነው። እኔ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። በክሪስታሉ ውስጥ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ቻርጅ ያላቸው አቶሞች ቦታ ቦታቸውን ይዘው ይደረደራሉ። ሳይነኩ ሲቀሩ አንዱ ሌላውን ያመዛዝናል፤ ከውጭ ምንም አይታይም። ሲጫኑ ግን አደራደራቸው በጥቂቱ ይዛነፋል። የፖዘቲቩ መሃል ወደ አንድ ወገን፣ የኔጌቲቩ መሃል ወደ ሌላው ወገን ይሸሻል። ጫፍና ጫፉ ላይ ሽቦ ቢገጠም ቮልቴጁን እናገኘዋለን። ጫናው ሲነሳ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ለዚህም ነው መለኮሻው ብዙ ጊዜ ሊሠራ የሚችለው፤ በውስጡ የሚያልቅ ነገር የለም።

ላይተር ውስጥ የሚገባው ኳርትዝ አይደለም። ከእሱ በጣም የሚበልጥ ቻርጅ የሚሰጥ ሰው ሠራሽ ሴራሚክ ነው። እርሳስ፣ ዚርኮኒየም፣ ታይታኒየምና ኦክስጅን ተዋህደው የተሠራ ሲሆን በ1950ዎቹ ነው የዳበረው። ፋብሪካ ውስጥ ሴራሚኩን ያሞቁትና ከፍተኛ ቮልቴጅ ውስጥ ያስቀምጡታል። ያኔ በውስጡ በየአቅጣጫው ተበትነው የነበሩት ቻርጆች በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ ሲቀዘቅዝም ሰልፋቸውን ይዘው ይቀራሉ። ከጥቂት መቶ ዲግሪ በላይ ከጋለ ግን ሰልፉ ይፈርሳል። ያ የሙቀት ገደብ በፒየር ኪዩሪ ስም የኪዩሪ ሙቀት ይባላል። መለኮሻውን እሳት አጠገብ መተው ዕድሜውን የሚያሳጥረው ፕላስቲኩን ስለሚያቀልጥ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ "ጠቅታው" እንምጣ። ሴራሚኩን በጣት ቀስ ብሎ መጫን ብዙም አይጠቅምም፤ የሚፈጠረው ቻርጅ ቮልቴጁ ሳያድግ ቀስ እያለ ሾልኮ ያልቃል። በድንገት መመታት አለበት። ስለዚህ በውስጡ ትንሽ የብረት መዶሻና ሁለት ሞላዎች ተገጥመዋል። ቁልፉን ስንጫን አንደኛው ሞላ ይጨመቃል፤ መዶሻው ግን በማንጠልጠያው ተይዞ ይቆያል። የሆነ ቦታ ላይ ስንደርስ መዶሻው ከማንጠልጠያው ያመልጥና ሴራሚኩን ይመታዋል። ሁለተኛው ሞላ ሁሉን ወደ ቦታው ይመልሳል። በጣም ብልህ አሠራር ነው። ሕፃን በዝግታ ቢጫነው፣ ጎረምሳ በኃይል ቢጫነው፣ ምቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ምቱን የሚወስነው ሞላው ነውና።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር እናገኛለን። ስትጫኑት ጠቅታው ከለሰለሰ ወይም ከጠፋ የተበላሸው ሞላው ወይም ማንጠልጠያው ነው፤ አዲስ መግዛት ነው የሚያዋጣው። ጠቅታው ጥርት ያለ ሆኖ ብልጭታ ከሌለ ግን ችግሩ ሽቦው ወይም ጫፉ ላይ ነው። እሱን ማየት ይቻላል።

ብልጭ ይላል፣ ግን አይለኩስም

በሲሊንደር የሚሸጠው ጋዝ ብዙውን ጊዜ ቡቴን ወይም የቡቴንና የፕሮፔን ድብልቅ ነው። እነዚህ ጋዞች ከአየር ጋር በሚስማማቸው መጠን ሲቀላቀሉ ለመቀጣጠል የሚበቃቸው 0.25 ሚሊጁል ገደማ ነው። አንድ ግራም የሚመዝን ነገር ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ከፍ ለማድረግ የሚፈጀው ጉልበት ማለት ነው። ሃይድሮጅን ደግሞ ከዚያም ከአንድ አሥረኛ ባነሰ ይቀጣጠላል። አንድ ጤነኛ መለኮሻ ከዚህ መጠን ብዙ እጥፍ ይሰጣል። ታዲያ ብልጭታው እየታየ ስቶቩ ለምን እምቢ ይላል?

አንዱ ምክንያት ቅልቅሉ ነው። ቡቴን የሚቀጣጠለው ከአየሩ ጋር ሲቀላቀል ከጠቅላላው ከ1.8 እስከ 8.4 በመቶ ሲሆን ብቻ ነው። ፕሮፔን ከ2.1 እስከ 9.5 በመቶ። ከዚህ ካነሰ ነዳጁ ይሳሳል፤ ከበለጠ ኦክስጅን ያጥራል። በሁለቱም በኩል ብልጭታው ሺህ ጊዜ ቢደጋገም እሳት አይነሳም። አዲስ ሲሊንደር ከተገጠመ በኋላ ስቶቩ ቶሎ የማይያዘው ቱቦው ውስጥ የነበረው አየር መጀመሪያ መውጣት ስላለበት ነው። የኪስ ላይተር በነፋስ እምቢ የሚለው ጋዙ ተበትኖ ከዝቅተኛው መጠን በታች ስለሚወርድ ነው። መለኮሻውን ጋዙ የሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ለጥፈን ብንይዘውም ላይሠራ ይችላል፤ እዚያ ላይ ጋዝ በዝቶ አየር ያንሳል። ጥቂት ራቅ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ክፍተቱ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ የብዙ ጠጋኞች ስህተት እዚህ ጋ ነው። ብልጭታ ሲዘል መጀመሪያ የሚፈጥረው አንዲት ትንሽ የጋለች የጋዝ ኳስ ነው። ይህች ኳስ በዙሪያዋ ያለውን ጋዝ አቃጥላ ማደግ አለባት። ነገር ግን ሙቀቷን ከሁሉም አቅጣጫ ትነጠቃለች። ቀዝቃዛው አየር ይወስድባታል፤ ከግራና ከቀኝ ያለው ብረት ደግሞ ከአየሩ የበለጠ ይወስድባታል። ለፕሮፔንና ለመሰሎቹ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ የሆነ መጠን አለ። ብረቶቹ ከዚያ በላይ ከተቀራረቡ ሙቀቱን ይመጡትና ኳሷ ሳታድግ ትሞታለች። "ብልጭታው እንዲበረታ" ተብሎ ኤሌክትሮዱ፣ ማለትም ብልጭታው ከጫፉ የሚዘልበት ዘንግ፣ ወደ ምድጃው ሲታጠፍ የሚሆነው ይህ ነው። ብልጭታው ያምራል፣ ሳይቆራረጥ ይዘላል፣ ጋዙ ግን አይያዝም። በጣም ከራቀም ቮልቴጁ ክፍተቱን መሻገር ያቅተዋል። ለዚህ ነው ስቶቭ ላይ ክፍተቱ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር የሚሆነው።

ሦስተኛው ምክንያት ብልጭታው ያለ ቦታው መዝለሉ ነው። ኤሌክትሪክ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። ኤሌክትሮዱን የከበበው ነጭ ሴራሚክ ከተሰነጠቀ በስንጥቁ ያልፋል። የወጥ ቅባት፣ ጥላሸት ወይም የጨው ውሃ ከደረቀበትም በዚያ ላይ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ጋዙ ወዳለበት አይደርስም። ይህን ለማወቅ ጋዙን ሲሊንደሩ ላይ ዝጉ፣ ማድ ቤቱን አየር አስገቡበት፣ ከዚያ ክፍሉን አጨልሙና መለኮሻውን ሞክሩ። ብልጭታው ከየት ወደ የት እንደሚዘል በዓይን ይታያል። ከጎን የሚዘል ከሆነ ሴራሚኩን በጨርቅ አጽድቶ በደንብ ማድረቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከተሰነጠቀ ግን መለወጥ ነው።

ስለ ከፍታ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኛን የሚመለከት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊትም ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ ሲሳሳ ብልጭታ ክፍተቱን ለመዝለል የሚያስፈልገው ቮልት ያንሳል። በሌላ በኩል ግን ጋዙም ሳስቷልና ለመቀጣጠል የሚፈልገው ጉልበት ይጨምራል፤ ኳሷ በሕይወት ለመቆየት የሚያስፈልጋት ክፍተትም ይሰፋል። አዲስ አበባ ላይ ልዩነቱ አይታወቅም፤ መለኮሻው ትርፍ ጉልበት አለው። ከ4,500 ሜትር በላይ የሚወጣ፣ ለምሳሌ ወደ ራስ ዳሽን የሚጓዝ ሰው ግን ክብሪት ወይም በአውራ ጣት የሚሽከረከረውን ባለ ድንጋይ ላይተር ቢይዝ ይሻለዋል። የዚያ ላይተር ድንጋይ ብረትና ሴሪየም ያለበት ቅይጥ ነው፤ ኦስትሪያዊው ካርል አወር ፎን ቬልስባህ እ.ኤ.አ. በ1903 ነው የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት። ሲፋቅ የሚበተኑት ፍንጣሪዎች የሚነድ ብረት ናቸው። ከኤሌክትሪኩ ብልጭታ ረዘም ላለ ጊዜ ይግላሉ።

ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚለው ስቶቭ

ማዞሪያውን ሲጫኑት ደጋግሞ የሚጮኸው ስቶቭ ውስጥ መዶሻ የለም። ከመስመሩ ወይም ከባትሪ ድንጋይ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ካፓሲተር የተባለ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል። ሲሞላ በአንድ ጊዜ ወደ ትንሽ ትራንስፎርመር ይለቀቃል። ትራንስፎርመሩ በአንድ ወገን ጥቂት፣ በሌላው ወገን እጅግ ብዙ ጥምዝ ሽቦ ስላለው ቮልቴጁን ወደ አሥር ሺዎች ያወጣዋል። ካፓሲተሩ ሞልቶ በተራገፈ ቁጥር አንድ "ጠቅ" ይሰማል።

በዚህ ዓይነት ስቶቭ ላይ ሰው ከሚያማርርባቸው ነገሮች ብዙዎቹ ብልሽት አይደሉም። አንዱን ማዞሪያ ስትጫኑ አራቱም ምድጃ ላይ ብልጭታ ቢታይ ጤነኛ ነው፤ ሁሉም ካፓሲተሩና ትራንስፎርመሩ ካሉበት ከአንድ ሳጥን ነው የሚመገቡት። ስቶቩ ከታጠበ በኋላ ማንም ሳይነካው መጮኽ ከጀመረ ከማዞሪያው ሥር ያለው ትንሽ ማብሪያ ውሃ ገብቶበታል። ከሶኬት ነቅሎ እስኪደርቅ መተው ነው። መብራት ሲጠፋ በሶኬት የሚሠራው ዓይነት አይሠራም፤ ምድጃው ግን ብዙ ጊዜ በክብሪት ይለኮሳል።

ብልጭታው ሰው ይገድላል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ቮልቱ ብዙ ቢሆንም የሚያልፈው ቻርጅ በጣም ጥቂት፣ ጊዜውም እጅግ አጭር ነው። ያስደነግጣል፣ ያማል። በልቡ ላይ መሣሪያ የተተከለለት ሰው ግን ሊጠነቀቀው ይገባል። የሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ 220 ቮልቱ ራሱ አለ። ሶኬት ላይ እንደተሰካ መፍታት ፈጽሞ አይገባም።

እሳቱ ከተያዘ በኋላ ማዞሪያውን ስንለቀው የሚጠፋውስ? ይህ ከብልጭታው ጋር ግንኙነት የለውም። ከምድጃው ጎን የቆመች ሌላ ቀጭን የብረት ዘንግ አለች። በውስጧ ሁለት ዓይነት ብረቶች ተጋጥመዋል። መጋጠሚያቸው ሲግል ጥቂት ሚሊቮልት ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ያ ትንሽ ኤሌክትሪክ ከጋዙ መክፈቻ ሥር ያለውን ማግኔት ይይዛል፤ ማግኔቱም ጋዙን ክፍት ያደርጋል። ዘንጓ እስክትግል ጥቂት ሰከንድ ስለሚያስፈልጋት ነው ማዞሪያውን ተጭነን የምንቆየው። ወጥ ገንፍሎ እሳቱን ቢያጠፋው ዘንጓ ትቀዘቅዛለች፣ ማግኔቱ ይለቃል፣ ጋዙም በራሱ ይዘጋል። ይህች ዘንግ ሕይወት ታድናለች። "አስቸገረችን" ብሎ የሚያስነቅላት ሰው ሲያጋጥመኝ በጣም አዝናለሁ። ብዙ ጊዜ ያስቸገረችው ጫፏ ጥላሸት ስለያዘ ወይም ከእሳቱ ስለራቀች ነው።

በመኪና ሞተር ውስጥ ያለችው ካንዴላ ሥራዋ ያው ነው። ከባትሪው የሚመጣው 12 ቮልት ኮይል በተባለ ጥምዝ ሽቦ ውስጥ እያለፈ ማግኔታዊ ኃይል ያጠራቅማል። ፍሰቱ በድንገት ሲቋረጥ ያ ኃይል ይፈርስና በሁለተኛው ጥምዝ ላይ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ያመነጫል። በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ ታምቆ ስለሚገኝ ብልጭታው ከውጭው ይልቅ ለመዝለል ይከብደዋል። ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 100 ብልጭታ ይፈልጋል። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ አየሩን አብዝቶ በማመቅ ብቻ ናፍጣውን እስኪያቀጣጥል ድረስ ያግለዋል።

በቻርጅ የሚሠሩት አዳዲሶቹ ላይተሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከ3.7 ቮልት ባትሪ ተነስቶ በትንሽ ትራንስፎርመር ሺዎች ቮልት ያመነጫል፤ ብልጭታው ሳይቋረጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ነበልባል ስለሌለው ነፋስ በቀላሉ አያጠፋውም። ሻማ ወይም ዕጣን በደንብ ያያይዛል፤ ጣት ግን ከገባበት ክፉኛ ያቃጥላል። ሁለተኛው ቀይ ሆኖ የሚግል ጠመዝማዛ ሽቦ ያለው ነው። እሱ ብልጭታ የለውም። እንደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ሬዚስታንስ በሙቀት ብቻ ነው የሚሠራው።

መብራት ማብሪያዋም መለኮሻ ናት

አሁን 0.25 ሚሊጁልን እናስታውስ። መብራት ስናበራና ስናጠፋ በማብሪያው ውስጥ ያሉት ብረቶች ሲነካኩና ሲላቀቁ ብልጭታ ይፈጥራሉ። ፍሪጅ ሞተሩን በራሱ ሲያስነሳም እንዲሁ። ሶኬት ሲነቀልም እንዲሁ። ናይሎን ልብስ የለበሰ ሰው ከመኪና ወንበር ላይ ተንሸራቶ ሲወርድ ሰውነቱ እስከ 10 ሺህ ቮልት ሊሞላ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ የሚይዘው ጉልበት 5 ሚሊጁል ገደማ ነው። ጋዝ ለማቀጣጠል ከሚበቃው 20 እጥፍ ማለት ነው። ቤንዚን ማደያ ውስጥ ከመኪናው ወጥተን የመኪናውን ብረት መንካት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ፕሮፔን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ሁለት እጥፍ ያህል። ሲያፈስ ወደ ላይ ወጥቶ አይበተንም፤ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ከበር ሥር ይሾልካል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ይሞላል። 12 ሜትር ኩብ የሆነች ትንሽ ማድ ቤት ሙሉ በሙሉ የሚቀጣጠል ቅልቅል እንድትሆን ግማሽ ኪሎ ገደማ ቡቴን ይበቃታል። ጋዙ ታች ስለሚከማች ግን ያን ያህል ሳይወጣም ወለሉ አካባቢ ያለው አየር አደገኛ ይሆናል።

ስለዚህ ጋዝ ከሸተታችሁ መብራት አታብሩ። የበራ ካለም አታጥፉ፤ ማጥፋትም ብልጭታ አለው። ፍሪጁን አትንቀሉ። ስልክ ከውጭ ሆናችሁ ደውሉ። እሳት ካለ አጥፉ፣ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ሰዎችን ይዛችሁ ውጡ። ዋናው ብሬከር ከቤት ውጭ ቆጣሪው ጋ ከሆነ ከዚያ ማጥፋት ይቻላል። ስቶቩ በሙከራ ላይ አልያዝ ሲልም ማዞሪያውን ከፍታችሁ ደጋግማችሁ አታስጩሁት። ዝጉት፣ የወጣው ጋዝ እስኪበተን ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ እንደገና ሞክሩ።

ሽታውን በተመለከተም፣ ጋዙ በራሱ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል፤ የምንሸተው እንዲታወቅ ተብሎ የሚጨመርበትን መርካፕታን የተባለ ነገር ነው። አፍንጫ ደግሞ ሽታ ቶሎ ይለምዳል። ክፍሉ ውስጥ ቆይታችሁ ሽታው የቀነሰ ከመሰላችሁ ጋዙ ወጥቷል ማለት አይደለም። ውጭ ወጥታችሁ ንጹህ አየር ተንፍሱና በበሩ በኩል እንደገና አሽትቱ።